ዲስክን የመሸንሸን ታሪክ በቀድሞዎቹ የዩኒክስ ሚኒኮምፒዩተሮች

በ1974 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ የተባሉት የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ዩኒክስ የተሰኘውን ሥራቸውን በአሜሪካ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት ላይ ሲያስተዋውቁ፣ ሥርዓቱ የሚሠራበትን መሣሪያ በጥቂት መስመሮች ገልጸውት ነበር። መሣሪያው ፒዲፒ-11/45 የሚባል ሚኒኮምፒዩተር ሲሆን ሜሞሪው 144 ኪሎባይት ነው። አንድ ሚሊዮን ባይት የሚይዝ፣ የማንበቢያ ራሱ የማይንቀሳቀስ ዲስክ፤ እያንዳንዳቸው 2.5 ሚሊዮን ባይት የሚይዙ ተነቃይ ካርትሪጆች የሚገቡባቸው አራት ዲስኮች፤ እንዲሁም 40 ሚሊዮን ባይት የሚይዝ አንድ ትልቅ ዲስክ ተያይዘውለታል። አንባቢ ይህን ዝርዝር እንደ ተራ የንብረት መዝገብ አይቶ ሊያልፈው ይችላል። ይሁን እንጂ በመጨረሻ የተጠቀሰው ትልቁ ዲስክ ለሥርዓቱ ከባድ እንቆቅልሽ ይዞ የመጣ ነበር፤ የዚያን ጊዜው ዩኒክስ ይህን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ቆጥሮ ሊጨርሰው አይችልም ነበርና።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዩኒክስ ዲስክን የሚያየው ብሎክ ተብለው በሚጠሩ፣ እያንዳንዳቸው 512 ባይት በሚይዙ እኩል ቁራጮች ተከፋፍሎ ነው፤ ብሎኮቹም ከዜሮ ጀምሮ ተራ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ፒዲፒ-11 ባለ 16 ቢት መሣሪያ በመሆኑ የብሎኩ ቁጥር የሚጻፈው በ16 ቢት ነበር። በ16 ቢት ሊጻፉ የሚችሉት ልዩ ልዩ ቁጥሮች ደግሞ 65,536 ብቻ ናቸው። ይህ በ512 ሲባዛ 33.5 ሚሊዮን ባይት ያህል ይሆናል። የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ሥሪት የሆነው አርፒ03 ዲስክ ግን 406 ሲሊንደሮች፣ በየሲሊንደሩ 20 ትራኮች፣ በየትራኩ 10 ሴክተሮች ነበሩት፤ ይኸውም በጠቅላላው 81,200 ብሎኮች ማለት ነው። ስለዚህ ከ15,600 የሚበልጡ ብሎኮች ዋጋቸው ተከፍሎ የተገዙ፣ ነገር ግን በስም ሊጠሩ የማይችሉ ሆነው ቀሩ።

ወደዚህ ነጥብ እንዴት እንደተደረሰ ለመረዳት ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ዩኒክስ በ1969 ዓ.ም. ሲፀነስ ያደገው ፒዲፒ-7 በተባለ፣ በዚያን ጊዜም ቢሆን ባረጀ መሣሪያ ላይ ነበር። በ1970 ዓ.ም. የበጋው ወራት ሲያበቃ ፒዲፒ-11 ደረሰ፤ ሆኖም መሣሪያው ገና አዲስ ምርት ስለነበረ ዲስኩ እስከ ታኅሣሥ ድረስ አልመጣም። ሪቺ በኋላ እንደተረኩት፣ ማሽኑ እነዚያን ወራት ያሳለፈው ስድስት በስምንት በሆነ የቼዝ ገበታ ላይ ፈረሱ ሁሉንም ቤቶች ረግጦ ወደ ተነሣበት የሚመለስባቸውን መንገዶች በመቁጠር ነበር። ዲስክ የሌለው ኮምፒዩተር ከዚህ የተሻለ ሥራ ሊሰጠው አልቻለም።

ዲስኮቹ ሲመጡ ትንንሾች ነበሩ። አርኤፍ11 የተባለው ባለ ቋሚ ራስ ዲስክ በአንድ ድራይቭ 1,024 ብሎኮች ብቻ ይይዝ ነበር፤ ፍጥነቱ ግን ያስመሰግነዋል። ስለዚህ የሥርዓቱ ሥር የሆነው የፋይል ዛፍና የስዋፕ ቦታው በእርሱ ላይ ሆኑ። ስዋፕ ማለት ሜሞሪው ሲጠብብ ተራ ያልደረሳቸውን ፕሮግራሞች ወደ ዲስክ አውጥቶ፣ ተራቸው ሲደርስ መልሶ የማስገባት ዘዴ ነው። ቀርፋፋው ግን ሰፊው የካርትሪጅ ዲስክ ደግሞ የተጠቃሚዎች ፋይሎች ማደሪያ ሆኖ «ዩኤስአር» በተባለው ማውጫ ሥር ተሰቀለ። በዛሬዎቹ ዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች ውስጥ ፕሮግራሞች በሁለት ማውጫዎች ተከፍለው ለምን እንደሚገኙ የሚጠይቅ ወጣት ባለሙያ፣ መልሱን በእነዚህ ሁለት ዲስኮች መካከል በነበረው የስፋትና የፍጥነት ልዩነት ውስጥ ያገኘዋል። በዚያ ዘመን ክፋይ የሚባል ነገር አያስፈልግም ነበር፤ አንዱ ዲስክ አንድ የፋይል ሥርዓት ነው፤ ሌላው ዲስክ ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ሽንሸና የተደረገው ከጥበት የተነሣ ነበር። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስድስተኛውን እትም ዩኒክስ በ1975 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ ሲቀበሉ፣ ያላቸው ዲስክ አርኬ05 የሚባለው የካርትሪጅ ዲስክ ብቻ ነበር። አርኬ05 በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚዞር አንድ ሳሕን ሲሆን 203 ሲሊንደሮች፣ ሁለት ገጾች፣ በየትራኩም 12 ሴክተሮች አሉት፤ ድምሩ 4,872 ብሎክ ነው። ባለ ቋሚ ራስ ዲስክ ለመግዛት አቅም የሌለው ተቋም የፋይል ሥርዓቱንም ስዋፑንም በዚህች አንዲት ሳሕን ላይ ማኖር ነበረበት። የተመረጠው መፍትሔ ቀላል ነው፤ የፋይል ሥርዓቱ ከ4,872ቱ ብሎኮች 4,000ውን ብቻ የእኔ ይላል፤ ከ4,000 ጀምሮ ያሉት 872 ብሎኮች ለስዋፕ ይተዋሉ። ይህ ስምምነት በዲስኩ ላይ የተጻፈ አልነበረም። አንደኛው ቁጥር የፋይል ሥርዓቱ ሲፈጠር ለፈጣሪው ፕሮግራም የሚነገር ነው፤ ሌላው በከርነሉ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የተጻፈ ነው። በዚያው ፋይል የስዋፑ መነሻ ዜሮ ሊሆን እንደማይችል የሚያስጠነቅቅ አጭር ማስታወሻ ይገኝ ነበር፤ ቦታ የሚያድለው ንዑስ ፕሮግራም ዜሮን የሚመልሰው «ቦታ የለም» ለማለት ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ አደጋው ምን ያህል ቅርብ እንደነበረ ልብ ይሏል። አንድ የሥርዓት ኃላፊ ቦታ እንዳይባክን አስቦ የፋይል ሥርዓቱን በ4,872 ብሎክ ቢፈጥር፣ ማንም አይከለክለውም። ለሳምንታት ሁሉም ነገር ሰላም ሊመስል ይችላል። ፋይሎቹ በዝተው ከ4,000 በላይ ያሉትን ብሎኮች መያዝ ሲጀምሩ ግን፣ ሜሞሪው በጠበበ ቁጥር ከርነሉ የአንዱን ተጠቃሚ ፕሮግራም በሌላው ተጠቃሚ ጽሑፍ ላይ ይጥለዋል። ስሕተት የሚል መልእክት አይወጣም፤ ዲስኩ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟልና።

አርፒ03 ሲመጣ ግን ጉዳዩ ከጥበት ወደ ስፋት ዞረ። ዲስኩ ከቁጥሩ በላይ ሆነ። ከርነሉን በሙሉ በ32 ቢት እንዲቆጥር መለወጥ ትልቅ ሥራ ስለነበረ፣ መፍትሔው በድራይቨሩ ውስጥ ተደረገ። ድራይቨር ማለት በከርነሉና በዲስኩ መቆጣጠሪያ መካከል እንደ አስተርጓሚ የቆመ የፕሮግራም ክፍል ነው። የአርፒ ድራይቨር አንዱን ዲስክ ለከርነሉ ስምንት ዲስክ አስመስሎ ያቀርበዋል። በድራይቨሩ መግቢያ ላይ ስምንት መስመር ያላት ትንሽ ሠንጠረዥ ተቀምጣለች፤ እያንዳንዱ መስመር ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የያዘው፤ የክፋዩን ርዝመት በብሎክና መነሻውን በሲሊንደር።

ሠንጠረዧ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፋዮች ዲስኩን እኩል ለሁለት ይገምሱታል፤ እያንዳንዳቸው 40,600 ብሎክ፣ አንዱ ከሲሊንደር 0፣ ሌላው ከሲሊንደር 203 ይነሣሉ። ቀጥሎ የሚመጡት ሁለቱ ትንንሾች ናቸው፤ 9,200 ብሎክ በዲስኩ መጀመሪያና 9,200 ብሎክ በመጨረሻው። ከዚያ ሁለት ታላላቆች ይከተላሉ፤ አንዱ ከሲሊንደር 0፣ ሌላው ከሲሊንደር 78 የሚጀምሩ። በመጨረሻም 15,600 ብሎክ የሚይዙ ሁለት ክፋዮች፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። እነዚህ ስምንቱ አብረው የሚኖሩ ጎረቤቶች አይደሉም። አንዱን መሬት በተለያየ መንገድ የሚሸነሽኑ አማራጭ ንድፎች ናቸው። የሥርዓት ኃላፊው የማይነካኩትን መርጦ መጠቀም አለበት፤ ለምሳሌ 15,600 ብሎክ ያለውን የፊቱን ከሲሊንደር 78 ከሚጀምረው ታላቅ ክፋይ ጋር። ወይም ትንሹን የ9,200 ክፋይ ለሥሩ ፋይል ሥርዓት ወስዶ፣ ከሲሊንደር 46 እስከ 77 ያሉትን 6,400 ብሎኮች ለስዋፕ መተው ይችላል፤ 9,200 እና 6,400 ሲደመሩ 15,600 መሆናቸውም በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም።

የታላላቆቹ ክፋዮች ርዝመት ደግሞ የሚያስደንቅ አጻጻፍ ነበረው፤ አሉታዊ አንድ ተብሎ ነው የተጻፈው። ባለ 16 ቢት መሣሪያ ላይ አሉታዊ አንድና 65,535 የቢቶቻቸው ቅርጽ አንድ ነው። የዚያን ጊዜው የ«ሲ» ቋንቋ ምልክት አልባ ቁጥር የሚባል ዓይነት ገና አልነበረውም። ስለሆነም የድራይቨሩ ጸሐፊዎች የብሎኩን ብዛት የሜሞሪ አድራሻ ነው ብለው አወጁት፤ አድራሻዎች ሲነጻጸሩ አሉታዊ ሊሆኑ አይችሉምና። ዘዴው ብልጠት የተሞላበት ነው፤ ቆንጆ ነው ማለት ግን ያስቸግራል። ከሲሊንደር 0 እስከ 327 ያሉት ብሎኮች 65,600 ስለሆኑ፣ በዚህ አቆጣጠር 65 ብሎክ ከክፋዩ ጫፍ ላይ ሳይጠራ ይቀር ነበር።

የክፋዮቹ ብዛት ስምንት የሆነበት ምክንያት ከዲስኩ የመጣ አይደለም። በዩኒክስ ማንኛውም መሣሪያ በሁለት ቁጥሮች ይታወቃል፤ ዋናው ቁጥር የትኛው ድራይቨር እንደሚጠራ ይናገራል፤ ንዑስ ቁጥሩ ደግሞ ለድራይቨሩ ለራሱ የተተወ ነው። የአርፒ ድራይቨር ከንዑስ ቁጥሩ ዝቅተኛዎቹን ሦስት ቢቶች ለክፋይ፣ የቀሩትን ለድራይቩ ቁጥር አደረጋቸው። በሦስት ቢት ስምንት ነገር ይቆጠራል፤ ለስምንትነቱ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያሻም። ይህች የሦስት ቢት ውሳኔ ግን ከአርፒ03 ዕድሜ በብዙ አሥርት ዓመታት የረዘመ ዕድሜ አገኘች።

የድራይቨሩ ሥራ ራሱ አጭርና ግልጽ ነበር። አንድ የማንበብ ወይም የመጻፍ ጥያቄ ሲመጣ፣ ስትራተጂ የተባለው ንዑስ ፕሮግራም በመጀመሪያ የተጠየቀው ብሎክ ከክፋዩ ርዝመት ያላለፈ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ካለፈ ጥያቄውን የስሕተት ምልክት አድርጎበት ይመልሰዋል። ካላለፈ የክፋዩን መነሻ ሲሊንደር ደምሮ እውነተኛውን ቦታ ያሰላል፤ ከዚያም ጥያቄውን በወረፋ ያስገባዋል። የአርኬ05 ድራይቨር ወረፋውን የሚያስተናግደው እንደ ዳቦ ቤት ሰልፍ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል። የአርፒው ግን ጥያቄዎችን በሲሊንደር ቅደም ተከተል ያሰልፋቸዋል፤ ዓላማውም ራሱ ወዲያና ወዲህ እየተወረወረ ጊዜ እንዳያባክን ነው። ዲስኩ ሥራውን ሲጨርስ የማቋረጫ ምልክት ይልካል። የአርኬ05 ድራይቨር ስሕተት ከተገኘ መቆጣጠሪያውን አጽድቶ እስከ አሥር ጊዜ ያህል እንደገና ይሞክራል፤ ካልሆነም ተስፋ ይቆርጣል። ይህ ሁሉ በጥቂት ገጾች የሚያልቅ ጽሑፍ ነበር።

ድራይቨሩ የክፋዩን የውጭ ወሰን ይጠብቃል እንጂ፣ ሁለት ክፋዮች አንዱን መሬት ይዘው እንደሆነ አይጠይቅም። ከርነሉም ቢሆን አንዱ መሣሪያ ሁለት ጊዜ እንዳይሰቀል ይከለክላል፤ ነገር ግን ለእርሱ ንዑስ ቁጥራቸው የተለያየ ሁለት ክፋዮች ሁለት መሣሪያዎች ናቸው። ከዚህ የከፋው ደግሞ በሜሞሪ ውስጥ የሚሆነው ነው። ዩኒክስ የተነበቡ ብሎኮችን በፈር በሚባሉ ማቆያዎች ያኖራቸዋል፤ ማቆያው የሚታወቀው በመሣሪያው ቁጥርና በብሎኩ ቁጥር ነው። ስለዚህ አንዱ አካላዊ ብሎክ በሁለት ክፋዮች በኩል ሲጠራ ሁለት ቅጂ ይኖረዋል፤ ሁለቱም ቅጂዎች እኔ ነኝ እውነተኛው ይላሉ፤ መጨረሻ ወደ ዲስኩ የተጻፈው ያሸንፋል። አንዱን እርሻ ለሁለት ገበሬዎች በሁለት ደብዳቤ የሰጠ ሹም የሚፈጥረው ጠብ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ልዩነቱ ገበሬዎቹ መጮኻቸው ነው። የዩኒክስ መማሪያ መጽሐፍም ስለዚህ ነገር ዝም አላለም፤ ሁሉንም የክፋይ ፋይሎች በአንድ ተቋም ውስጥ ማኖር ጥበብ አለመሆኑን፣ አድራሻዎቹ እንደሚደራረቡና ጥበቃው አስቸጋሪ እንደሚሆን አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያ ግን የሚያነበውን ሰው ብቻ ነው የሚያድነው።

ይህን ዕውቀት ከቤል ላቦራቶሪ ውጭ ካሰራጩት ሰዎች መካከል በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ጆን ላየንስ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛሉ። ላየንስ የስድስተኛውን እትም የከርነል ጽሑፍ ከነማብራሪያው ለተማሪዎቻቸው አዘጋጁ፤ ለዲስክ ድራይቨር ምሳሌ አድርገው የመረጡትም ትንሹን የአርኬ ድራይቨር ነበር። ሰባተኛው እትም በ1979 ዓ.ም. ሲወጣ የፈቃድ ውሉ የከርነሉን ጽሑፍ ለትምህርት ማዋልን ከለከለ፤ የላየንስ መጽሐፍም ለብዙ ዓመታት በፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖረ። በአንድ ትውልድ ውስጥ ስለ ድራይቨር የሚያውቁ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ያወቁት ከደበዘዘ ኮፒ ነበር።

ሰባተኛው እትም የቁጥሩን ችግር ፈታ። የብሎክ ቁጥር በከርነሉ ውስጥ 32 ቢት ሆነ፤ ዲስኩ ላይ በፋይሉ መዝገብ ውስጥ ደግሞ በሦስት ባይት ይጻፍ ጀመር። ስለዚህ ትልቅ ዲስክን የመሸንሸን የመጀመሪያው ምክንያት ጠፋ። ሽንሸናው ግን አልጠፋም፤ ሰዎች በመካከሉ ሌላ ጥቅም አግኝተውበት ነበር። ሥሩን ከተጠቃሚዎች ፋይል መለየት፣ አንዱ ሲሞላ ሌላውን እንዳያስርብ ማድረግ፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ማትረፍ፣ በየክፋዩ ወደ ማግኔቲክ ቴፕ መገልበጥ ይቻላል። በሰባተኛው እትም ለአርፒ04 እና ለአርፒ06 ዲስኮች የተሠራው ሠንጠረዥ 9,614 ብሎክ ያለው አንድ ክፋይ፣ ቀጥሎም 8,778 ብሎክ ያለው ሌላ ክፋይ ያስቀምጣል። ከሲሊንደር 44 ወዲያ ያለው ቦታ ደግሞ በሁለት መንገድ ተጽፏል፤ ሲሊንደሮቹ 411 ለሆኑት ለአርፒ04 እና 815 ለሆኑት ለአርፒ06። የትኛው ዲስክ እንደተሰካ ማወቅ የሰውዬው ፈንታ ነበር።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ ቅርንጫፍ ዩኒክስን ወደ ቫክስ መሣሪያዎች ሲያስፋፋው ስምንቱ ክፋዮች ፊደል ተሰጣቸው። «ኤ» ሥሩ፣ «ቢ» ስዋፑ፣ «ሲ» መላው ዲስክ ሆኑ። ለአርፒ06 የ«ኤ» መጠን 15,884 ብሎክ፣ የ«ቢ» 33,440፣ የ«ሲ» 340,670 ነበር፤ እያንዳንዱ ቁጥር በ418፣ ማለትም በአንድ ሲሊንደር ብሎኮች ብዛት፣ ያለ ቀሪ ይካፈላል። ክፋይ በሲሊንደር መካከል እንዳይቆረጥ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። ይህ ጥንቃቄ በ1983 ዓ.ም. ከ4.2 ቢኤስዲ ጋር የወጣው ፈጣኑ የፋይል ሥርዓት ሲመጣ የበለጠ ትርጉም አገኘ። ማርሻል ከርክ መኩሲክና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ የቀድሞው ባለ 512 ባይት የፋይል ሥርዓት ከዲስኩ የማስተላለፍ አቅም የሚጠቀመው 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። አዲሱ ሥርዓት ፋይሎችንና መዝገቦቻቸውን በተጎራባች ሲሊንደሮች ቡድን ውስጥ በማኖር እስከ 47 በመቶ ደረሰ። ለዚህ ግን የዲስኩን ቅርጽ በትክክል ማወቅ ነበረበት፤ ስለዚህ የየዲስኩ ልክ የተዘረዘረበት «ዲስክታብ» የሚባል ፋይል ተዘጋጀ።

እዚህ ላይ አንድ አሮጌ ደዌ አገረሸ። የክፋዮቹ ልክ አሁን በሁለት ቦታ ተጻፈ፤ በከርነሉ ድራይቨር ውስጥና በዲስክታብ። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚሆነው ነገር ከአርኬ05 ዘመን የታወቀ ነው። በተጨማሪም ከሌሎች አምራቾች የሚገዙ ዲስኮች እየበዙ ሲሄዱ፣ አዲስ ዲስክ በመጣ ቁጥር ሠንጠረዡን አሻሽሎ ከርነሉን እንደገና መሥራት ግድ ሆነ። ከአንድ ተቋም ወደ ሌላው የተወሰደ ዲስክም የተሸነሸነበትን ንድፍ ይዞ አይሄድም ነበር። መፍትሔው ዘግይቶ ቢመጣም ቀላል ነበር፤ ሠንጠረዡን ዲስኩ ራሱ ይሸከመው። በ1988 ዓ.ም. በወጣው 4.3 ቢኤስዲ-ታሆ የዲስክ መለያ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ መጻፍ ተጀመረ፤ ከርነሉም ከዚያ እያነበበ ይሸነሽናል። ፊደሎቹ ግን አልተነኩም። ዛሬም በቢኤስዲ ቤተሰብ ሥርዓቶች «ኤ» ሥሩን፣ «ቢ» ስዋፑን ማመልከታቸው እንደ ልማድ ቀጥሏል።

በግል ኮምፒዩተሮች በኩል የሆነውን ማየት ያስደንቃል። የ1983 ዓ.ም. ፒሲ-ዶስ 2.0 ገና ከመነሻው በዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ላይ አራት መስመር ያለው የክፋይ ሠንጠረዥ አኖረ፤ በዚህ ረገድ ከዩኒክስ ቀድሞ ነበር። ይሁን እንጂ ሴክተሮቹን በ16 ቢት ይቆጥር ስለነበረ፣ አርፒ03 የተጋጨበትን ያንኑ የ32 ሜጋባይት ግድግዳ ከአሥር ዓመት በኋላ ተጋጨው፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ዶስ 3.3 ያመጣው መፍትሔም ያው ነበር፤ ትልቁን ዲስክ ከ32 ሜጋባይት በማይበልጡ ቁራጮች መሸንሸን። የአራቱ መስመሮች ሠንጠረዥ ራሱ በ32 ቢት ስለሚቆጥር በሁለት ቴራባይት ላይ ቆመ፤ በቦታው የተተካው ሠንጠረዥ በ64 ቢት ይቆጥራል።

በ2002 ዓ.ም. የጥንቶቹ የዩኒክስ እትሞች ጽሑፍ በነጻ ፈቃድ ከተለቀቀ ወዲህ፣ የፒዲፒ-11ን ሥራ በሚመስሉ ፕሮግራሞች አማካይነት የቆዩ ሥርዓቶችን ማስነሣት ተችሏል። ከመጋዘን የወጣ የአርፒ ዲስክ ቅጂ በእጁ የገባ ባለሙያ ግን የመጀመሪያው ችግሩ ማንበብ አይደለም። በዲስኩ ላይ ስለ ክፋዮቹ የሚናገር አንዲት ቃል የለችም፤ ሠንጠረዧ የነበረችው ምናልባት በጠፋ ከርነል ውስጥ ነው። ተቋሙ ሠንጠረዧን ለራሱ አሻሽሏት ከነበረ የመማሪያ መጽሐፉም አይረዳውም። ስለዚህ በየሲሊንደሩ መነሻ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ብሎክ ይከፍታል፤ የፋይል ሥርዓቱ ዋና መዝገብ ሁልጊዜ በክፋዩ ብሎክ 1 ላይ ነውና። የስድስተኛው እትም መዝገብ ማንነቱን የሚገልጽ ማኅተም የለውም፤ የሚጀምረው በሁለት ቁጥሮች ነው፤ አንዱ ለፋይል መዝገቦች የተመደቡትን ብሎኮች ብዛት፣ ሌላው የክፋዩን ጠቅላላ ርዝመት ይነግራል። ሁለተኛው ቁጥር 40,600 ወይም 9,200 ሆኖ ከተገኘ፣ ፍለጋው ትክክለኛውን ወሰን አግኝቷል ማለት ነው።